ወደ ብሔራዊ ሙዚየም በሕዝብ ማመላለሻ ለመሄድ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ዘአያት

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ለመሄድ አስቤአለሁ። እናቴ ከደሴ ሊጠይቁን የመጡ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ ሲሆን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ረጅም መንገድ በእግር መሄድ ይከብዳቸዋል። የምንኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ነው፤ መኪና የለንም፤ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ደርሶ መልስ ብንይዝ ደግሞ ሒሳቡ የወር አስቤዛችንን ይነካል። ስለዚህ በባቡርና በሚኒባስ ለመሄድ ወስነናል።

ሙዚየሙን በዝና እንጂ በአካል አናውቀውም፤ አምስት ኪሎንም በመኪና ከማለፍ በስተቀር ወርደንበት አናውቅም። ከባቡር የት ብንወርድ እንደሚሻል፣ ከዚያ የየትኛውን ሰፈር ታክሲ መያዝ እንደሚገባን፣ ከታክሲ ወርደን ምን ያህል እንደምንራመድና ስንመለስ ከየት ብንሳፈር እንደሚቀለን የምታውቁ ብትነግሩኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው። ልጆቹ ዘጠኝና አሥራ ሁለት ዓመታቸው ስለሆነ የእነሱ መራመድ አያሳስበኝም፤ የሚያሳስበኝ የእናቴ ነገር ነው።

የቀበና ነዋሪ

ለእርስዎም ሰላም ይሁን፤ እናትዎም እንኳን በሰላም ገቡ። በእኔ እምነት ከአያት ለሚነሣ ሰው ቀጥተኛው መንገድ መገናኛ ላይ ከባቡር ወርዶ የአራት ኪሎ ታክሲ መያዝ ነው። ባቡሩ በሲኤምሲ፣ በሲቪል ሰርቪስና በጉርድ ሾላ አልፎ መገናኛ ስለሚደርስ፣ የምሥራቁን የከተማ ክፍል የመኪና ጭንቅንቅ በሐዲድ አለፋችሁት ማለት ነው። ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ የሚሄደው ታክሲ ደግሞ በሾላ፣ በእንግሊዝ ኤምባሲና በቀበና በኩል ስለሚያቋርጥ መስቀል አደባባይንም ሆነ ካዛንቺስን ሳይነካ ከጎን ያደርሳችኋል።

ይህ መንገድ በ2016 ዓ.ም. ኮሪደር ልማቱ ሲጀመር መጀመሪያ ከተሠሩት አንዱ ስለሆነ አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለው፤ ታክሲውም እንደ ቀድሞው ተሳፋሪ እጁን ባነሣበት ሁሉ አይቆምም፤ የሚጭነውና የሚያወርደው በተከለለለት ቦታ ነው። ይህ ሰፈሩን ለማያውቅ ሰው ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቅሙ ማውረጃው የታወቀ መሆኑ ሲሆን፣ ጉዳቱ አንድ ጊዜ ካለፋችሁት ወደ ኋላ በእግር የምትመለሱት መንገድ መርዘሙ ነው። ስለዚህ ቀበና ድልድይን እንደተሻገራችሁ ለመውረድ ተዘጋጁ።

ሐዲድ ወዳጅ

የቀበናው ወንድማችን የተናገሩት መንገድ ትክክል ቢሆንም፣ አረጋዊት እናትና ልጆች ይዞ መገናኛ ላይ ታክሲ መጠበቅን እኔ አልመክርም። መገናኛ የከተማው ምሥራቅና ሰሜን የሚጋጠሙበት ትልቅ መሸጋገሪያ እንደመሆኑ፣ ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ ወረፋው ረጅም ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ወጥቶ የአራት ኪሎ ታክሲ ወደሚጫንበት ቦታ መሻገሩም ራሱን የቻለ ጉዞ ነው።

በእኔ አስተያየት በባቡሩ ላይ መቆየቱ ይሻላል። ከመገናኛ በኋላ ለም ሆቴልን፣ ሃያ ሁለትን፣ ዑራኤልን፣ ባምቢስንና እስጢፋኖስን አልፋችሁ ስታዲየም ላይ ውረዱ። ከስታዲየም ወደ አምባሳደር ቲያትር ያለው መንገድ አጭር ነው፤ በዚያ አካባቢ ሽቅብ ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ ታክሲ ታገኛላችሁ። የእናትዎ ጉልበት የሚያርፈው ባቡሩ ውስጥ ነውና፣ በሐዲድ የሚሄዱበት ርቀት በረዘመ ቁጥር በታክሲ የሚጉላሉበት ጊዜ ያጥራል።

ለጠቅላላ ግንዛቤ እንዲሆን፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለት መስመር አለው፦ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው የምሥራቅ ምዕራብ መስመርና ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ የሚደርሰው የሰሜን ደቡብ መስመር። ሁለቱ በስታዲየም፣ በለገሃር፣ በሜክሲኮና በተግባረ ዕድ በኩል እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ከሁለቱ አንዱም አራት ኪሎን አይነካም። አገሪቱ ለዓለም የምታሳየው ትልቁ ሙዚየም፣ ዩኒቨርሲቲውና ፓርላማው ያሉበት የከተማ ክፍል ከሐዲድ ውጭ መቅረቱን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል፤ ስለዚህ የትኛውንም መስመር ብንይዝ የመጨረሻውን ዳገት የምንወጣው በጎማ ነው።

የቀበና ነዋሪ

ሐዲድ ወዳጅ ያነሡት የወረፋ ነገር በሥራ ቀን እውነት ነው። ቅዳሜ ከ3 ሰዓት በኋላ ግን መገናኛ የሰኞው መገናኛ አይደለም፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ስለማይወጣ ሰልፉ ቶሎ ይንቀሳቀሳል። በሌላ በኩል ቅዳሜ ቀን በስታዲየምና በለገሃር በኩል ገበያተኛው ይበዛል። ስለዚህ ምርጫው በቀኑና በሰዓቱ ይወሰናል እንጂ አንዱ መንገድ ሁልጊዜ ከሌላው ይበልጣል ማለት ያስቸግራል። ለእኚህ ጠያቂ ጉዳይ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እስከሆነ ድረስ፣ አሁንም መገናኛን እመርጣለሁ።

ቀድሞ ረዳት

በዚህ መስመር ላይ ለዓመታት የታክሲ ረዳት ሆኜ ስለሠራሁ የማውቀውን ላካፍል። እስካሁን የተጻፈው ሁሉ እስከ አራት ኪሎ ድረስ ያለውን መንገድ የሚመለከት ነው። ሰው የሚቸገረው ግን ከአራት ኪሎ በኋላ ባለችው አጭር መንገድ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ረዳቱን «ሙዚየም ትሄዳለህ?» ብላችሁ አትጠይቁት። ረዳት የሚጠራው ታፔላው ላይ የተጻፈውን የሰፈር ስም ነው፤ ሙዚየም የሚባል ታፔላ ደግሞ የለም። ወጣቱ ረዳት ሙዚየሙን ቢያውቀው እንኳ በጥድፊያ መሀል ሲጠየቅ «አይሄድም» ብሎ ያልፋችኋል፤ አንዳንዱም ፒያሳ የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ የምትሉ መስሎት ወደዚያ ይመራችኋል። «አምስት ኪሎ አለ?» ማለት ይበቃል። አራት ኪሎ ላይ የሚጨርስ ታክሲ ካገኛችሁ ወርዳችሁ የስድስት ኪሎን ወይም የሽሮ ሜዳን ያዙ፤ ሁለቱም በሙዚየሙ በር ያልፋሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ መቀመጫ ነው። እናትዎን ጋቢና ያስቀምጧቸው። የሚኒባሱ የጎን በር ደረጃው ከፍ ያለ ነው፤ ገብተውም ከኋላ ወንበር ለመድረስ ጎንበስ ብለው የሰው ጉልበት እየገፉ ነው የሚያልፉት፤ በሩ አጠገብ ያለው ተጣጣፊ ወንበር ላይ ከተቀመጡ ደግሞ ወራጅ ባለ ቁጥር ተነሥተው ቦታ መልቀቅ አለባቸው። ጋቢና ግን እጀታውን ይዞ አንድ ጊዜ መውጣት፣ አንድ ጊዜ መውረድ ነው። ገና ሰልፍ ላይ ሳላችሁ ተራ አስከባሪውን «እናቴ ጋቢና እንዲገቡ ፍቀድልን» ብትሉት አብዛኛው ደስ ብሎት ያደርገዋል፤ ትልቅ ሰው ቆሞ ማየት ለማንም አይመችም።

ሦስተኛ፣ ዝርዝር ብር ይያዙ። የአራት ሰው ሒሳብ በትልቅ ብር ከሰጡ መልሱን ሲጠብቁ መውረጃችሁ ያልፋል። «ወራጅ አለ» ለማለትም የዩኒቨርሲቲውን የአምስት ኪሎ ግቢ አጥር በስተቀኝ እስክታዩ መጠበቅ የለባችሁም፤ ከአራት ኪሎ ታክሲው እንደተንቀሳቀሰ ለረዳቱ አስቀድማችሁ ንገሩት።

መምህርት ዘሽሮ ሜዳ

ተማሪዎቼን በየዓመቱ ወደዚያ ስለምወስድ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው አራት ኪሎ ወርዶ ዳገቱን በእግሩ ይወጣና ሙዚየሙ በር ሲደርስ ደክሞት ይገባል። እኔ ግን ሁልጊዜ የማደርገው ተቃራኒውን ነው። በታክሲ እስከ ስድስት ኪሎ እወጣለሁ፤ ከዚያ ቁልቁል በእግር እየተመለስን በመንገዱ ላይ ያለውን ሁሉ እናያለን። ከስድስት ኪሎ አራት ኪሎ ያለው መንገድ በጠቅላላ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ከዚህ የበለጠ ታሪክ በአንድ ጎዳና ላይ የተደረደረበት ቦታ በከተማችን አላውቅም።

ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት አለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የፋሺስት ወታደሮች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያደረሱትን ጭፍጨፋ የሚዘክር ነው፤ ቦምቡ የተጣለውም ከሐውልቱ ፊት ለፊት፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ያንን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት በ1954 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሕንፃው አሁን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሥነ ሕዝብ ሙዚየም ሆኖ ያገለግላል። የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መኝታ ቤት እንደነበረ ይታያል። በበሩ ላይ ጥበቃዎች መታወቂያ ስለሚጠይቁ ሁላችሁም መታወቂያችሁን መያዝ አትርሱ።

ከዚያ ቁልቁል ሲወርዱ ብሔራዊ ሙዚየሙ በስተቀኝ ነው። ከሙዚየሙ ሲወጡም የቀረው ቁልቁለት እስከ አራት ኪሎ፣ እስከ ሚያዝያ 27 የድል ሐውልት ድረስ ነው፤ የመመለሻው ታክሲም የሚገኘው እዚያው ነው። ልጆች ጭፍጨፋውን የሚዘክረውን ሐውልት ከላይ አይተው፣ ከአራት ዓመታት በኋላ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. የመጣውን ነጻነት የሚዘክረውን ከታች ሲያገኙ፣ ነገሩ በክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ ከማስተምረው ይልቅ ጠልቆ ይገባቸዋል። ትራንስፖርት የምንመርጠው ለመድረስ ብቻ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ምን እንደምናይ አስበንም ቢሆን መልካም ነው የምለው ለዚህ ነው።

ቀድሞ ረዳት

መምህርት የጻፉት ለጤነኛ ሰውና ለተማሪ እጅግ የሚስማማ ነው። ለታመመ ጉልበት ግን ቁልቁለት ከዳገት ይብሳል፤ ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ቁልቁለት ግን ጉልበት ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ጠያቂያችን እናታቸውን በእግር ባያስወርዷቸው ይሻላል።

ከመምህርት ሐሳብ መወሰድ ያለበት ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ። መኪና በቀኝ ስለሚነዳ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ላይ የሚወጣ ታክሲ የሚያወርዳችሁ በዩኒቨርሲቲው የአምስት ኪሎ ግቢ በኩል ነው፤ ሙዚየሙ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ፣ በግራ በኩል ነው። አረጋዊት እናት ይዛችሁ ያንን ሰፊ አስፋልት መሻገር አለባችሁ ማለት ነው። ከስድስት ኪሎ ቁልቁል የሚመጣ ታክሲ ግን በሙዚየሙ በኩል ነው የሚያወርደው። እንግዲህ ጥቂት ብር ጨምራችሁ እስከ ስድስት ኪሎ በታክሲ ብትወጡ፣ እዚያ ሐውልቱን አይታችሁ ጥቂት ካረፋችሁ በኋላ ወደ አራት ኪሎ የሚመለስ ታክሲ ይዛችሁ አምስት ኪሎ ላይ ብትወርዱ መንገድ ሳትሻገሩ በሩ ላይ ትደርሳላችሁ።

ከዋሽንግተን መጪ

ይህን ውይይት ከሜሪላንድ ሆኜ በጉጉት እያነበብኩ ነው። በሚቀጥለው ወር ወደ ናይሮቢ ስጓዝ ቦሌ ላይ ስድስት ሰዓት ያህል እቆያለሁ፤ በዚያ መሀል ወጥቼ በሕዝብ ማመላለሻ ሙዚየሙን አይቼ መመለስ እችል እንደሆነ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ሐሳብ ላንሣ። እኔ በምኖርበት አካባቢ የምድር ውስጥ ባቡሩ በትልልቆቹ ሙዚየሞች መሀል «ስሚዝሶኒያን» የሚባል ጣቢያ አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በዚሁ ስም ያገለግላል። እንግዳ የሆነ ሰው ሙዚየሞቹ በየትኛው ጎዳና እንዳሉ ባያውቅም፣ የጣቢያውን ስም ካርታው ላይ አይቶ ይወርዳል። እኛ ዘንድ ግን ሙዚየሙን ለማግኘት መጀመሪያ የሰፈሩን ስም ማወቅ ያስፈልጋል። በአውቶቡስና በታክሲ ማቆሚያው ላይ «ብሔራዊ ሙዚየም» የሚል ጽሑፍ በጉልህ ቢቆም፣ በታፔላውም ላይ ከስድስት ኪሎ አጠገብ ቢጻፍ፣ ምን ያህል ሰው በቀላሉ ይደርስ እንደነበር አስቡት። የከተማው አስተዳደር መንገዱን ይህን ያህል ወጪ አውጥቶ ካሳመረው ዘንድ፣ አንድ ምልክት ማቆም የሚከብድ አይመስለኝም።

ሐዲድ ወዳጅ

የምልክቱን ሐሳብ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። እግረ መንገዴን ልጨምር፦ በባቡር ጣቢያዎቹም ውስጥ ከእስጢፋኖስ ጣቢያ ወጣ ሲሉ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም፣ ከመስቀል አደባባይ በላይ ደግሞ በራስ ብሩ ቤት የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሙዚየም እንዳሉ የሚያመለክት ነገር ቢኖር ብዙ ሰው ይገባባቸው ነበር።

ስለ ቦሌው ጥያቄዎ፣ ስድስት ሰዓት በሚኒባስ ለመሄድ አይበቃም ባይ ነኝ። ስድስቱ ሰዓት ሙሉ በሙሉ የእርስዎ አይደለም፤ ከኢሚግሬሽን መውጫውንና ለሚቀጥለው በረራ አስቀድሞ መመለሻውን ሲቀንሱ የሚቀርዎት ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው። ከመውጣትዎም በፊት የመግቢያ ቪዛ ጉዳይዎን ማረጋገጥ አለብዎ። በዚህ ጊዜ ውስጥ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይዘው ቢሄዱ ይሻላል። ከቦሌ አራት ኪሎ ያለው መንገድም በኮሪደር ልማቱ የተሠራ ስለሆነ በተረጋጋ ሰዓት ቶሎ ያደርሳል። ቀኑን ሙሉ የሚቆዩ ከሆነ ግን ከኤርፖርቱ ወጥተው በቦሌ መንገድ በሚኒባስ መሄድ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ከተማውንም አዩት ማለት ነው። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በሚካሄድባቸው የየካቲት ቀናት ከሆነ የሚመጡት፣ መንገዱ ለእንግዶች ስለሚዘጋ ከኤርፖርቱ አለመውጣት ይሻላል።

ባለተሽከርካሪ ወንበር

እኔ የምንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው፤ ስለዚህ ከእናንተ የተለየ ነገር አያለሁ። በአዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች ላይ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳም ሆነ ወደ ቀበና ያለ ሰው እርዳታ መሄድ መቻሌ በሕይወቴ ውስጥ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ይህን ሳልመሰክር ማለፍ አልፈልግም። ቀድሞ በተሰባበረ ድንጋይና በክፍት ቱቦ መሀል እየተገፋሁ የምሄድበትን መንገድ ዛሬ በራሴ እጅ እየነዳሁ እሄድበታለሁ።

ሚኒባሱ ግን ዛሬም ለእኔ ዝግ ነው። በሩ ጠባብ፣ ወለሉ ከፍ ያለ ነው፤ ወንበሬን አጥፎ ከኋላ የሚጭንበት ቦታም የለውም። አንድ ረዳት ሰው ሁሉ እየሰማ «የሁለት ሰው ከከፈልክ» ብሎኝ ያውቃል፤ ከፍዬም ገብቻለሁ፤ ገንዘቡ ሳይሆን እንደ ዕቃ መቆጠሬ ነው ያስከፋኝ። በዚህ ምክንያት እኔ የምመርጠው ትልቁን የከተማ አውቶቡስ ነው። በሩ ሰፊ ስለሆነ ሁለት ሰው ካገዘኝ እገባለሁ፤ ወንበሬም ቦታ ያገኛል። በጠዋቱና በማታው ግፊያ ሰዓት መሳፈር ስለማይቻል ረፋድ ላይ ከ4 ሰዓት በኋላ መሄድ ነው።

ሙዚየሙ ውስጥ ስለሚጠብቃችሁ ነገርም ለጠያቂዋ ወይም ለጠያቂው ልንገር። ድንቅነሽ ያለችው በምድር ቤቱ ነው፤ ንጉሣዊው ዙፋንና የጥንቱ ቅርስ በመግቢያው በር ወለል ላይ፣ ሥዕሎቹ ከዚያ በላይ ናቸው። የእናትዎ ጉልበት ገና ሳይደክም መጀመሪያ ወደ ምድር ቤቱ ይውሰዷቸው። ደረጃ የሚያልቅበትን ፎቅ መጨረሻ ላይ ያድርጉት፤ ባይወጡት እንኳ ዋናውን አይተዋል።

ዘአያት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ቅዳሜ ሄደን ተመልሰናል። መገናኛ የደረስነው ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ስለነበር ሰልፉ አላስቸገረንም፤ ተራ አስከባሪውም እናቴን ጋቢና አስገባልን። እስከ ስድስት ኪሎ ወጥተን ሐውልቱ ሥር ተቀመጥን፤ እናቴ ነጠላቸውን አጣፍተው የተገደሉትን ነፍስ ይማር አሉ። ቁልቁል በሚመጣው ታክሲ ስንወርድ በእርግጥም በሙዚየሙ በኩል አወረደን።

ምድር ቤት ድንቅነሽ ፊት ብዙ ቆየን። ትንሹ ልጄ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜዋን ሲሰማ እናቴን «አያቴ፣ ከአንቺ በፊት ናት?» ብሎ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም በእርጋታ «ከሁላችንም በፊት ናት» ብለው መለሱለት። አንድ ነገር ለሚቀጥለው ሰው ልጨምር፦ የተሠራውን ቅጂ ነው የምናየው፤ እውነተኛው አጥንት በጥበቃ ተቀምጧል። ይህን አስቀድሜ ለልጆቹ ስለነገርኳቸው ሲያዩ አልተከፉም።

ስንመለስ ያጋጠመን ችግር ሙዚየሙ በር ላይ ታክሲ መጠበቁ ነው። 10 ሰዓት ሲሆን ከስድስት ኪሎ የሚመጡት ሁሉ ሞልተው ያልፉ ነበር። በመጨረሻ ወንበር የተገኘው ከብዙ ጥበቃ በኋላ ነው።

ቀድሞ ረዳት

እንኳን ደስ ያላችሁ። ለመመለሱ መፍትሔው ከሙዚየሙ ከ9 ሰዓት በፊት መውጣት ነው፤ ካልሆነ ሽቅብ የሚሄደውን ይዞ ስድስት ኪሎ ከመነሻው መሳፈር ይቻላል። አካሄዱ የተገላቢጦሽ ቢመስልም መነሻ ላይ ሰልፍ ስላለ ተራችሁ ሲደርስ ወንበሩ የእናንተ ነው፤ መሀል መንገድ ላይ ግን ወንበር የሚገኘው ሰው ከወረደ ብቻ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ይህ ምክር እጥፍ ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጥል ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ታክሲ ይፈልጋል።

መንገድ የሚዘጋባቸውን ቀናትም አስቡ። አራት ኪሎ ፓርላማውና ቤተ መንግሥቱ ያሉበት ስለሆነ ትልቅ እንግዳ ሲመጣ ታክሲዎች ይዞራሉ። የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ መክፈቻ በየዓመቱ በመስከረም የመጨረሻው ሳምንት ሰኞ ነው፤ በዚያ ቀን ተማሪ ይዛችሁ አትምጡ።

ከሐዋሳ

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። በጠዋቱ አውቶቡስ ከሐዋሳ ተነሥቼ ቃሊቲ መናኸሪያ ብወርድ፣ መሀል ከተማ ሆቴል ሳልይዝ በዚያው ቀን ሙዚየሙን ማየት እችላለሁ?

ሐዲድ ወዳጅ

ከቃሊቲ የሚነሣው የሰሜን ደቡብ ባቡር ወደ ስታዲየም ስለሚያመጣዎ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ከላይ ከአያት ለሚመጣው ቤተሰብ የጻፍኩት ነው፤ በአምባሳደር በኩል አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ። በዚሁ መስመር እስከ ምኒልክ አደባባይ ዘልቆ ከፒያሳ በታክሲ መምጣትም ይቻላል፤ ሆኖም ወደ ሰሜኑ ጫፍ ባቡሩ በዚያ ቀን መሄድ አለመሄዱን ቲኬት ሲቆርጡ ይጠይቁ። ቃሊቲ ከ6 ሰዓት በፊት ከደረሱ ይሞክሩት። ከዚያ ካለፈ ግን ሙዚየሙን ለማግሥቱ ጠዋት ያቆዩትና አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ አካባቢ ያድሩ፤ ከባድ ሻንጣ ይዞ በሚኒባስ መሳፈርም ያስቸግራል፣ በሙዚየሙ ፍተሻም ያጓትታል።